ፈገግታ ሠርቼ አላውቅም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክሊኒኩ ሰዎች ኬክ ቆርሰው አንድ የመስታወት ሰሌዳ ሸለሙኝ። ላዩ ላይ ስሜ ተቀርጿል፤ ከሥሩ «ለእነዚያ ሁሉ ውብ ፈገግታዎች እናመሰግናለን» ይላል። አጨበጨቡ። እኔም እንደ ወጉ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ሰሌዳውን የኋላ ወንበር ላይ ወረወርኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ማንንም ሳላስፈቅድ ከክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ያወረድኩት የአንድ ወጣት ፎቶ ነበር። ስለ እሱ እነግራችኋለሁ።

ፈገግታ ሠርቼ አላውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ማኘክን ነው። ይህንን ለስንቱ አስረዳሁ መሰላችሁ! ለኢንሹራንስ፣ ለማናጀር፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚጠብቁኝ ሴቶች። «ዶክተር ጽጌ፣ አንቺ እኮ ሰው ታስውቢያለሽ» ይሉኛል። እያመሰገኑኝ ነው፤ እኔ ግን ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ የጥርስ አሰላለፍ ሕክምና ነው። እዚህ ሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የአገሬ ሰዎች ባጭሩ «ሽቦ አሳሪዋ» ይሉኛል። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ ሽቦ ታስሮላቸው የሚድኑ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ችግራቸው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱ የበቀለበት አጥንት ነው። የታችኛው መንገጭላ ከላይኛው አልፎ ይወጣል፤ ወይም የፊት ጥርሶች አፍ ቢዘጋም አይገናኙም፣ በመሃላቸው ጣት ያሳልፋሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻዬን አልችለውም። መጀመሪያ እኔ ጥርሱን በሽቦ አሰልፋለሁ። ቀጥሎ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጦ ወደ ቦታው ያመጣውና በብሎን ያስረዋል። የቀረውን እንደገና እኔ አስተካክላለሁ። ሁለታችን ካልተስማማን ታካሚው መሃል ሜዳ ላይ ይቀራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጥርስ ብልህ ነው። አጥንቱ ሲጣመም እሱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ጉዱን ይሸፍናል። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ያንን ሽፋን መግፈፍ ነው። ጥርሱን በራሱ አጥንት ላይ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፤ ያን ጊዜ የአጥንቱ ጠማማነት እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ታካሚው ቀዶ ጥገናው ከመድረሱ በፊት ሊታከም ከመጣበት ቀን የባሰ ይሆናል። አገጩ ይበልጥ የወጣ ይመስላል፣ የሚገናኙለት ጥርሶች ያንሳሉ። ይህንን ለወላጆች ስናገር አብዛኞቹ ፊታቸው ይለወጣል። «ታዲያ ልታበላሺው ነው?» ይላሉ። አዎ፣ ለጊዜው ላበላሸው ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ የነበራቸው ዶክተር ፓርክ ናቸው። አገር ቤት ተምሬ የጥርስ ሐኪም ሆኜ ነው የመጣሁት፤ እዚህ ግን ወረቀቴን አይቶ ማንም ወንበር አልለቀቀልኝም። እንደገና ፈተና ለመፈተን እያጠናሁ በእሳቸው ክሊኒክ ምራቅ መምጠጫ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። በኋላ ትምህርቱን ጨርሼ ስመለስም በሙሉ ሐኪምነት የያዙኝ እሳቸው ናቸው። ኮሪያዊ ናቸው፤ አጭር፣ ደረቅ፣ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። ሽቦ በጉጠት አጥፌ ሳመጣላቸው ጠረጴዛቸው ላይ ባለ መስታወት ላይ ያጋድሙታል። ሽቦው መስታወቱ ላይ ልጥፍ ካለ ይመልሱልኛል። ትንሽ ከተወዛወዘ ምንም ሳይናገሩ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ቅርጫቱ የእኔ ብቻ እስኪመስል ድረስ ሞላሁት።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ዳቧቸው ነበር። አናንዴል ይኖሩ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ከሰፈራቸው ዳቦ ቤት ለስላሳ ወፍራም ዳቦ ይዘው ይመጡና መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። አዲስ ታካሚ ሲገባ ኤክስሬዩን ጠረጴዛው ላይ ይደፉትና «ዳቦ ትበላለህ?» ይላሉ። ሰውዬው ግራ ይገባዋል። እሳቸው አብረውት እየበሉ ያዩታል። በፊት ጥርሱ ይገምጣል ወይስ በጎን? ምላሱን ወዴት ይገፋል? በየጉርሻው ውሃ ይጠጣል? በየጉርሻው ውሃ የሚጠጣ ሰው እየዋጠ እንጂ እያኘከ አይደለም። አንድ ቀን ለምን ኤክስሬዩን አስቀድመው እንደማያዩ ጠየቅኳቸው። «ኤክስሬይ አይርበውም» አሉኝና ፍርፋሪያቸውን አራገፉ።

የአገሬ ሰው ሲመጣ ግን የዳቦው ፈተና አይሠራላቸውም ነበር። እኛ ዳቦ ሲሰጡን በእጃችን ቆርሰን ነው ወደ አፋችን የምንልከው። «ያንቺ ሰዎች ይደብቃሉ» አሉኝ አንድ ቀን። አይደብቁም፣ እንጀራ የሚበላ ሰው የፊት ጥርስ ብዙም አያስፈልገውም አልኳቸው። ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ በእጁ ወደ ኋላ መንጋጋው ያደርሰዋል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ እናት ታጎርሰዋለች። እኛ ቤት ያደገ ልጅ የፊት ጥርሱ ሳይገናኝ ጎረምሳ ቢሆን ማንም ላያውቅበት ይችላል። ችግሩ የሚታየው ትምህርት ቤት ፒዛ ሲሰጡት ነው፤ እዚያ ደግሞ እናት የለችም። ዶክተር ፓርክ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሐበሻ ታካሚ «ያለ እጅ» ማለት ጀመሩ፤ ቃሏን በአማርኛ እኔው አስጠንቻቸው።

እሳቸው ክሊኒኩን ሲዘጉ እኔ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሻገርኩ። ዳቦውንና መስታወቱን ይዤ ነው የሄድኩት። እዚያ የቀጠረኝ ሽማግሌ የክሊኒክ ባለቤት ደግ ሰው ነበር፣ ምንም አልከለከለኝም። ስለ ደሞዝ አላወራም፤ ቤት ገዝቻለሁ፣ ልጆቼ ተምረዋል፣ ይበቃል።

አሁን ስለ ፎቶው። ዳዊት ሎረል አካባቢ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ቁመተ ረጅም፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ነበር። የታችኛው መንገጭላው ከላይኛው ወጥቶ ነበር። ሽቦ አሰርኩለት። በሙያው ደንብ መሠረት ሽፋኑን ገፈፍኩ፤ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው የነበሩትን የታች የፊት ጥርሶቹን ቀጥ አድርጌ አቆምኩ። አገጩ እንደተጠበቀው ባሰበት፣ እሱ ግን ታገሰኝ። የኢንሹራንስ ፈቃድ የሚጠየቀው ቀዶ ጥገናው ሲቃረብ ነው፤ ቀድመሽ ብትጠይቂ ጊዜው ያልፍበታል ይሉሻል። ሰውን ወንዙ መሃል አስገብተው ነው «መሻገር ትችላለህ ወይስ አትችልም» ብለው የሚመክሩት።

ጠየቅኩ። አንዲት ነርስ ከኢንሹራንሱ ለዳዊት ደወለች። ደስ ብሎት መጥቶ ነገረኝ።

«ዶክተር፣ ኮል አደረጉኝ እኮ። በጣም ናይስ ሴትዮ ናት። ስለ ምግብ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ሃው አር ዩ ኢቲንግ አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ታንክ ጎድ፣ ኖ ፕሮብሌም አልኳት።»

«ዳዊት፣ ሥጋ ትበላለህ?»

«ሥጋማ ትቼዋለሁ። አይደቅልኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«ለማላውቃት ሴትዮ?» አለኝ፣ እኔ ነውር እንደተናገርኩ ሁሉ። «ደግሞ ዶክተር፣ ሥራ አለኝ፣ ጤና ነኝ። እግዚአብሔርም ይታዘበኛል።»

ከለከሉት። ምክንያቱን ሲጽፉ ታካሚው ራሱ ችግር እንደሌለበት ተናግሯል፣ ስለዚህ ጥያቄው የውበት ነው አሉ፤ ለውበት ደግሞ አይከፍሉም። ተመልከቱ! እኛ «እንዴት ነህ» ስንባል ሞት አልጋ ላይ ብንሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የምንለው። ይህ ሰላምታ ነው፣ ምስክርነት አይደለም። እነሱ ግን ሰላምታውን መዝግበው ፈረዱበት። ይግባኝ አልን፣ ተሸነፍን። ሥራ ቀየረ፤ የአዲሱ ሥራው ኢንሹራንስ ደግሞ የመንገጭላ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር ከነጭራሹ አያውቅም። ከኪሱ እንዳይከፍል ከየት አምጥቶ።

ሽቦውን ታስሮ ዕድሜ ልኩን መኖር አይችልም። ስለዚህ የሠራሁትን በገዛ እጄ አፈረስኩት። ቀጥ አድርጌ ያቆምኳቸውን ጥርሶች መልሼ አጎነበስኳቸው። ለእነሱ ቦታ ለማግኘት ከታች በግራና በቀኝ ሁለት ጤነኛ ጥርስ አስነቀልኩ። ጤነኛ!  ወራት ፈጀብኝ። ስጨርስ ከፊት ለፊት ሲያዩት ጥርሱ አምሮ ተሰልፏል፤ አጥንቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው፣ እሱንም እየተጠነቀቀ። በመጨረሻው ቀን ዳቦ ስሰጠው «አሁን ጠግቤያለሁ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ያ ምስጋና እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል። እንግዳ ተቀባይዋ ግን «እንዴት ያምራል!» ብላ ፎቶ አነሳችው፣ አሳጥባም መግቢያው ላይ ሰቀለችው። በየቀኑ ስገባና ስወጣ ያ ልጅ አፉን ሳይሸፍን ይስቅብኝ ነበር።

ሽማግሌው ባለቤት ክሊኒኩን ለአንድ ኩባንያ ሸጠው። ኩባንያው ማናጀር ላከብን፤ ጥርሱ ነጭ፣ ጫማው ነጭ፣ ስለ ጥርስ የሚያውቀው መንጣቱን ብቻ። መጀመሪያ የከለከለኝ ዳቦዬን ነው። ክሊኒክ ውስጥ ምግብ አይፈቀድም አለኝ። አፍ በሚታከምበት ቤት! እሺ አልኩትና መሳቢያውን መቆለፍ ጀመርኩ። ቀጥሎ የቀዶ ጥገና ታካሚ አትቀበይ አለኝ፤ ወንበር ላይ ጊዜ ይፈጃሉ፣ ስልክ ያበዛሉ አለ። እሱ የሚፈልገው በሽቦ ፋንታ በፖስታ የሚላክ ግልጽ ፕላስቲክ ጥርሳቸው ላይ አጥልቀው የሚሄዱትን ነው።

በዚያው ሰሞን ሊያ መጣች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው የአስካለ ልጅ ናት። ኮሌጅ ልትጀምር ነው፤ እድገቷ ስላቆመ ለቀዶ ጥገናው ዕድሜዋ ደርሷል። የፊት ጥርሶቿ አይገናኙም፣ የሚገናኙት የኋላ መንጋጋዎቿ ብቻ ናቸው። መሳቢያዬን ከፈትኩና ዳቦ ሰጠኋት።

«አይም ኖት ሃንግሪ» አለች።

«ለእኔ ስትይ። ያለ እጅ።»

ወደ አፏ አስጠጋችው፣ ጥርሶቿ ዳቦውን ሳይነኩት ከንፈሯ ብቻ ያዘው። አስካለ ከጎኗ ተንጠራርታ ዳቦውን ነጠቀቻት። በጣቷ ቁራሽ አደቀቀችና አፏ ውስጥ ከተተችላት።

«ማም! ስቶፕ!»

«አመሏ ነው ዶክተር» አለችኝ አስካለ፣ እየሳቀች። «በእጄ ካላጎረስኳት ምግብ አይጥማትም። አሞላቅቄ አሳደግኳት።»

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው አይደል የሚባለው?» አልኳት። «ይኼ ምኑ ጉርሻ ነው? የጫጩት ጥሬ አስመሰልሽው!»

እኔ ቀልዴን ነበር። አስካለ ሳቋን አቆመችና ቦርሳዋን ታስተካክል ጀመር።

ከአሌክሳንድሪያው ቀዶ ሐኪም ጋር ተነጋገርን። የላይኛውን መንገጭላ ከኋላ በኩል ከፍ ያደርገዋል፣ ያን ጊዜ የታችኛው ተከትሎ ይዘጋል። ማናጀሩን ሳልጠይቅ ሽቦ አሰርኩ። ከዓመት በላይ ጥርሷን ስናስተካክል የአስካለ ጎረቤቶች ደግሞ እሷን ሲያስተካክሉ ከረሙ። «የልጅሽን ፊት ልታስቀይሪ ነው አሉ። የእግዚአብሔርን ሥራ ትነኪያለሽ?» እነዚሁ ሴቶች መነጽር አድርገው ነው የሚናገሩት። አንዷን አግኝቼ መነጽሩን ማን እንደፈጠረላት ጠየቅኳት፣ እስከዛሬ ሰላም አትለኝም።

ሽፋኑ ሲገፈፍ ሊያ ባሰባት። በመጨረሻ የሚነካኩላት በየጎኑ አንድ አንድ መንጋጋ ብቻ ሆኑ። ኮሌጅ ካፍቴሪያ መግባት አቆመች፣ የጓደኞቿ ልደት ላይ መሄድ ተወች። የተፈጨ ነገር እየጠጣች ከሳች። «ዌን?» ትለኛለች በመጣች ቁጥር። «ትንሽ ነው የቀረን» እላታለሁ። ሁሉም ነገር ተዘጋጀና ፈቃድ ጠየቅኩ። በጀሶ የወሰድኩትን የጥርሷን ልክ፣ ኤክስሬዩን፣ ልኬቱን፣ ፎቶውን፣ ምንም ሳላስቀር ላክሁ።

አስካለ ከሥራ መልስ ወደ ክሊኒኩ መጣች፣ አውቶቡሷን እንዳቆመች፣ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ሳታወልቅ።

«ኢንሹራንሶቹ ደወሉልኝ፣ በእኔ ስም አይደል ያለው» አለች። «ኢንተርፕሪተር አምጥተው በአማርኛ ነው ያናገሩኝ። ደስ አለኝ።»

 ዳዊት ትዝ አለኝ።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ልጅሽ ለመብላት ትቸገራለች ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉን ትበላለች አልኩ።»

ጮህኩባት። አልዋሽም፣ የታካሚ እናት ላይ ጮህኩ። እሷም አልተኛችልኝም።

«ታዲያ ምን ልበል ዶክተር? ልጄ ቤቴ አትበላም ልበል? ለባዕድ? ምን ዓይነት እናት ናት አይሉኝም? ምግብ አትሰጣትም ብለው ቢከሱኝስ? እኔ እኮ የሰው ልጆች ጭኜ ነው የምውለው! ሥራዬ ላይ ቢደርስስ?»

 እውነቷን ነው የፈራችው። ይህ አገር በአንድ እጁ «አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ» ይላል፣ በሌላው የተናገርከውን ይጽፍብሃል።

ከለከሉ። የዳዊት ደብዳቤ ራሱ ነው፣ ቃል በቃል፦ እናትየው ችግር እንደሌለ አረጋግጣለች፣ ጥያቄው የውበት ነው። ማናጀሩ ዜናውን ሰምቶ ቢሮዬ መጣ።

«ችግር የለውም» አለኝ። «እንደዚያኛው አድርጊላት።» በጣቱ መግቢያው ላይ ያለውን የዳዊትን ፎቶ አሳየኝ። «እሱ ቆንጆ ሆኖ ነው የወጣው።»

የተናገርኩትን እዚህ መጻፍ አልችልም። ግማሹ በአማርኛ ስለነበር እሱም ሁሉንም አልሰማውም። በአጭሩ፣ ከዚያች ልጅ አፍ ጤነኛ ጥርስ ከምነቅል የራሴን እጅ ብቆርጥ እንደሚሻለኝ ነገርኩት።

ይግባኝ አልን። የኢንሹራንሱ ሐኪም በስልክ ሊያናግረን ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ሌላ ይግባኝ የለም፤ እምቢ ካለ ሊያ እንደ ዳዊት ትሆናለች። ለአስካለ ይህንን ነገርኳት። «አታጋንኚ» አልኳት። «አንድ ቃል አትጨምሪ። ማዕድ ላይ የምታዪውን ብቻ ተናገሪ።» ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችን ክፍሌ ውስጥ ተቀመጥን፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ። አንዲት አስተርጓሚም በመስመሩ ላይ ነበረች፤ ድምፅዋ የልጅ ነው። ሐኪሙ ድካም በተጫነው ድምፅ መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ። ስለ አጥንቱ አስረዳሁት። ስጨርስ «ይገባኛል ዶክተር፤ ግን እዚህ የእናትየው ቃል አለ» አለ። ለአስካለ ያንኑ ጥያቄ አቀረበላት። ልጅሽ ለመብላት ትቸገራለች ወይ?

አስካለ የሰደርያዋን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች። 

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጥያቄውን ልድገምልዎ?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ ስልኩን አተኩራ እያየች ተናገረች።

«ልጄ አትበላም። ትንሽ ሆና ሥጋውን አፏ ውስጥ ታዞረው ታዞረውና በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ትከተው ነበር። ልብሷን ሳጥብ አገኘዋለሁ። እንዳታፍር ብዬ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲያ ማዕዱ ሳይቀርብ ሥጋውን በጣቴ እበጣጥሰዋለሁ፣ እንጀራውን በወጥ አለዝቤ አጎርሳታለሁ። እንግዳ ሲኖር ሰው እንዳያይባት እቀድማታለሁ። ሰው ‹እንዴት ብትወጃት ነው› ይለኛል። እወዳታለሁ። ግን ለዚያ አልነበረም የማጎርሳት።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረና እንደገና ቀጠለች። ሊያ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ስለሰማች ሁለት ጊዜ ነው የደረሳት።

«ማም… ዩ ኒው? ታውቂ ነበር?»

አስካለ ልጇን አላየቻትም። «ይኸው ልጄን በሰው ፊት አዋረድኳት» አለች ለስልኩ። «ጻፉት። ደስ ይበላችሁ።»

አስተርጓሚዋ በአማርኛ «ዶክተር፣ የመጨረሻውንም ልተርጉም?» አለችኝ።

«እሱን በተለይ» አልኳት።

ተረጎመችው። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገና መልሱን በቅርቡ እንደሚያሳውቅ ነገረን። ስልኩ ሲዘጋ ሊያ ተነሥታ የእናቷ ጭን ላይ ተቀመጠች፣ ያንን ሁሉ ቁመት ይዛ። እኔ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ።

ፈቀዱ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። ደስ አላለኝም፣ ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። የላክሁት ኤክስሬይ ያው ነው። አጥንቱ ያው ነው። ልኬቱ አንድ ነጥብ አልተለወጠም። የተለወጠው አንዲት እናት ለዓመታት በጣቷ ሸፍና ያሳደገችውን ገመና በስልክ መግፈፏ ብቻ ነው። ሰው ልጁን ለማሳከም መጀመሪያ መዋረድ አለበት? ስለ ዳዊትስ? እናቱ አገር ቤት ናት፤ በስልክ የሚዋረድለት ሰው ስላልነበረው ነው እንዴ ሁለት ጥርሱን የተነቀለው?

ቀዶ ጥገናው አሌክሳንድሪያ ተሠራ። በማግስቱ ሳያት ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፍቷል፣ መንገጭላዎቿ በላስቲክ ተያይዘዋል፣ ግን ጥርሶቿ ተገናኝተዋል። አስካለ ሾርባውን ሦስቴ እያጠለለች በማንኪያ ስታጠጣት ከረመች። እብጠቱ ሲወርድ የቀረውን እኔ በሽቦ ጨረስኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ያጠፍኩትን ሽቦ መስታወቱ ላይ አጋደምኩት፣ ልጥፍ አለ።

ሽቦው የወለቀ ቀን እናትና ልጅ አብረው መጡ። መሳቢያውን ከፈትኩ።

«ያለ እጅ» አልኳት።

ሊያ ገመጠች። ዳቦው ተቆረጠ። እኔ እሷን ሳይሆን የቀረውን ዳቦ ነበር የማየው፤ የጥርሶቿ ምልክት ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ ወጥቶበታል። አኘከች፣ ዋጠች፣ ውሃም አልጠየቀችም።

«ከእንግዲህማ ጉርሻ ቀረልሽ» አልኳት።

«ኖ ዶክተር! ሺ ስቲል ዳዝ ኢት። አሁንማ ብሶባታል። ትልልቁን ነው የምትሰጠኝ፤ አይ ካንት ብሪዝ!»

«ዝም ይበሏት ዶክተር» አለች አስካለ። «ገና ምኑን አይታ።» ከዳቦው ጉማጅ ቆረሰችና የልጇን አፍ ሞላችው።

በዚህ መሃል ማናጀሩ ሽቦው መውለቁን ሰምቶ ካሜራውን ይዞ ገባ። ለግድግዳው ነው አለ፤ ዳቦውን አይቶም እንዳላየ ሆነ። ካሜራውን ወደ ሊያ ደገነና «ስማይል!» አላት።

ሊያ ጉንጯ ተወጥሮ ታኝክ ነበር። ጣቷን ከፍ አድርጋ እንዲጠብቅ ምልክት ሰጠችው። እሱም ካሜራውን አንሥቶ፣ እኔና አስካለም ከጎኑ ቆመን፣ አኝካ እስክትጨርስ ጠበቅናት።